የፋይቭ ኤል ካምሻፍት አቀያየር፦ አዲሱም እንደ አሮጌው እንዳይበላ

ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ባለ ጉብታ ዘንግ፣ ባጭሩ ካም) የተቀየረለት ሚኒባስ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ወር ቀጭ ቀጭ እያለ ሲመለስ ደብረ ብርሃን ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ። ባለመኪናው «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን አሮጌውን ካም የበላው ችግር ሳይነካ አዲሱ ይገጠምበታል፤ ያው ችግር አዲሱንም ይበላዋል። ሌሎች መካኒኮች ደግሞ ገና ሲገጥሙ ካሙን ይሰብሩታል፤ ወይ ታይሚንግ (የካሙና የፒስተኑን የመዞር ግጥሚያ) ስተው ቫልቭና ፒስተን ያጋጫሉ። ሁሉም መከላከል የሚቻል ጥፋት ነው።

መመሪያው የተጻፈው ዶልፊኑም ሃይሉክሱም ላይ ለምናገኘው 2986 ሲሲ የናፍጣ ሞተር ለፋይቭ ኤል ነው። ስሪ ኤልም በአሠራር ወንድሙ ነው፦ ካሙ ቴስታታ (የሞተሩ አናት) ላይ ይቀመጣል፣ በቺንጋ ይዞራል፣ ስምንት ቫልቭ አለው፣ በካሙና በቫልቩ መካከል ያለው ክፍተት ሺም በምትባል ቀጭን ክብ ብረት ይስተካከላል። ሌላ ሞተር የያዛችሁ ቅደም ተከተሉን ውሰዱ፤ ቁጥሮቹን ግን ከራሳችሁ ሞተር ማኑዋል አውጡ።

ሁለት ሙሉ ቀን ያዙለት። ረዳት ያስፈልጋችኋል። ነገ ጠዋት ተራ አለብኝ የሚል ሾፌር አጠገባችሁ ቆሞ እያጣደፈ ይህን ሥራ አትጀምሩ።

1. የሞተው ካሙ መሆኑን አረጋግጡ

ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሁሉ ካም አይደለም። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ የቴስታታውን ክዳን ፍቱና ሁለት ነገር አድርጉ።

መጀመሪያ የቫልቩን ክፍተት በፊለር ጌጅ ለኩ። ለዚህ ሞተር በቀዝቃዛው መግቢያው ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊሜትር፣ መውጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ ብቻ ከሰፋና የካሙ ጉብታ እንደ መስታወት ለስላሳ ከሆነ ካም አትግዙ፤ ሺም ቀይራችሁ ጨርሱ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያለ አግባብ ገንዘቡን ያወጣል።

ቀጥሎ ጉብታዎቹን አንድ በአንድ በባትሪ ብርሃን እዩ፤ በጥፍራችሁም ዳስሱ። ጫፉ ጠፍጥፎ፣ ተልጦ ወይም በጥፍር የሚያዝ ጭረት ይዞ ካገኛችሁት ካሙ አብቅቷል። ጥርጣሬ ካለ በማይክሮሜትር የአራቱን መግቢያ ጉብታዎች ቁመት እርስ በርስ፣ የአራቱንም መውጫ እርስ በርስ አወዳድሩ። አንዱ ከወንድሞቹ ጎልቶ ካጠረ እሱ ነው የተበላው።

ኮምፕሬሽን የምትለኩ ከሆነ አንድ ነገር አስታውሱ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ትጠጋለች፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ የጌጁም ንባብ አብሮ ይወርዳል። ከማኑዋሉ ቁጥር አነሰ ብላችሁ ጤነኛ ሞተር አትፍቱ። እዚህ ከፍታ ላይ የሚጠቅማችሁ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማወዳደር ነው።

ቺንጋ ተበጥሶ ካሙ ከተሰበረ ነገሩ ሌላ ነው። በዚህ ሞተር ቫልቮቹ ከፒስተኑ በላይ ቀጥ ብለው ስለቆሙ፣ ቺንጋ ሲበጠስ ፒስተኑ ቫልቩን ከሥር ይመታዋል፤ ምቱ በቀጥታ ካሙ ላይ ያርፋል። ካም ይሰበራል፣ ካሙን ከላይ የሚያስረው ካፕም ይሰነጠቃል። አዲስ ካም ገጥሞ ማስነሳት በዚህ ጊዜ ዕዳ ነው። ቴስታታውን አውርዱ፣ ቫልቮቹ መጣመማቸውንና መድፈናቸውን ቶርኖ ቤት አስፈትሹ፣ የፒስተኖቹን አናት እዩ። እነሱ ደህና ሳይባሉ ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

2. አሮጌውን የበላውን ፈልጉ

ሰው የሚዘለው ክፍል ይህ ነው፤ ለእኔ ግን ከመግጠሙ ይበልጣል። ካም የሚበላው ዘይት ሲያጣ ነው። ዘይቱ ለምን እንዳልደረሰው ሳታውቁ አዲስ ካም አትግዙ።

የዘይት ግፊት። ሞተሩ ገና የሚነሳ ከሆነ ከመፍታታችሁ በፊት የዘይት መብራቱን ሴንሰር ፍቱና በቦታው ጌጅ እሰሩ። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቢያንስ 0.3 ኪሎ በስኩዌር ሴንቲሜትር፣ በ3000 ዙር ከ2.5 እስከ 6 ኪሎ ማሳየት አለበት። መብራቱ ጠፍቷል ማለት ግፊቱ በቂ ነው ማለት አይደለም። ከዚህ ካነሰ የዘይት ፓምፑን ወይም የታች ብሮንዚኖችን (ዘንጉ የሚዞርባቸውን ማረፊያ ልባሶች) ሳታዩ ካም ላይ ገንዘብ አታውጡ።

የኮፓው ወንፊት። ብዙ ኪሎሜትር በሄደ ሞተር የዘይት ኮፓውን አውርዱ። ወንፊቱ ላይ ጥቁር ዝቃጭ ታገኛላችሁ። ከዝቃጩ ጋር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሲሊኮን ፍርፋሪ አለ፤ ከዚህ ቀደም ክዳን ሲለጥፍ ሲሊኮኑን ያለ ልክ ያፈሰሰ ሰው የተወው ነው። እጠቡት። ኮፓ ማውረድ አድካሚ ነው፤ ቢሆንም አትዝለሉት።

የቴስታታው የዘይት ቀዳዳዎች። ካሙ ሲወጣ የሚታዩት ትንንሽ ቀዳዳዎች ናቸው። በቀጭን ሽቦ ጥረጉ፣ በናፍጣ እጠቡ፣ በኮምፕሬሰር ንፉ። በአንደኛው ስትነፉ በሌላው መውጣት አለበት።

የጠዋት አነሳስ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ተራ ለመያዝ በሌሊት ሞተር አስነስቶ ወዲያው ነዳጅ የሚረግጥ ሾፌር ካሙን በየቀኑ በደረቁ ያስፈጨዋል። ካሙ ከዘይት ፓምፑ እሩቅ፣ ከሞተሩ አናት ላይ ነው፤ ዘይቱ መጨረሻ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። አርባ ቁጥር የሚባለው ወፍራም ዘይት ደግሞ በውርጭ እንደ ማር ይረጋል። ሮቢት ቆላ ለሚያድር መኪና ያን ያህል ላይከፋ ይችላል፤ ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ ወይም አንኮበር ለሚያድር ግን 15 ደብሊው 40 ግዙ። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ሲያንስ ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈሳል።

የጋለ ቴስታታ። ከሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና አድርጎ ጣርማበር ድረስ ያለው ዳገት ከ1500 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ጭነት ይዞ፣ ራዲያተሩ ደክሞ፣ እዚያ ላይ ያልጋለ አሮጌ ሞተር ጥቂት ነው። የጋለ ቴስታታ ይጎብጣል። ቶርኖ ቤት ይወስዱትና ከሥር ይላጭለታል፤ የታችኛው ፊት ቀጥ ይላል። ከላይ ያለው የካሙ ማረፊያ ግን እንደጎበጠ ይቀራል! አዲሱ ካም በጎበጠ ማረፊያ ላይ ይታሰራል፣ መሐል ላይ ይበላል፣ አንዳንዱም ይሰበራል። የዚህ መኪና ቴስታታ ከዚህ በፊት ተልጦ ያውቅ እንደሆነ ባለመኪናውን ጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ በደረጃ 6 ያለው ፈተና ግዴታችሁ ነው።

3. ዕቃ

ካሙን ብቻ ገዝቶ መምጣት አይበቃም። እነዚህን አንድ ላይ ግዙ፦

- ካምሻፍት
- የካሙ ብሮንዚኖች፣ የእናንተው ቴስታታ ካለው
- ታይሚንግ ቺንጋና የመወጠሪያው ኩሽኔታ
- የካሙ የፊት ፓራኦሊዮ (ዘይት ማገጃ)
- የክዳኑ ጋስኬት
- የሞተር ዘይትና ፊልትሮ
- ሺሞች፤ የምትፈልጉትን ውፍረት ግን የምታውቁት በኋላ፣ ስትለኩ ነው

ዕቃውን ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሱማሌ ተራ የምታስመጡ ከሆነ አሮጌውን ካም ይዞ የሚሄድ ሰው ላኩ። የሞተሩን ስም ብቻ በስልክ መናገር አይበቃም፤ የቱ ኤል፣ የስሪ ኤልና የፋይቭ ኤል ካሞች ለዓይን ይመሳሰላሉ። ሱቁ ውስጥ አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን አስተኝታችሁ ርዝመቱን፣ የአንገቶቹን (ማረፊያው ላይ የሚዞሩትን ክፍሎች) ውፍረት፣ የጉብታዎቹን አቀማመጥና የፑሊውን ፒን አወዳድሩ። የጉብታውን ቁመት ካልተበላው ጉብታ ጋር በካሊፐር ለኩ። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ አያታልላችሁ።

«ጉብታውን በብየዳ ሞልቶ የሚስል አለ» ይሏችኋል። አትስማሙ። የካም ፊት በልዩ ሙቀት የጠነከረ ነው፤ በተራ ብየዳ የተሞላ ጉብታ ያን ጥንካሬ አያገኝም፤ ይላጣል፣ ልጣጩም በዘይቱ ወደ ታች ብሮንዚን ይወርዳል።

4. ቦታውን አሰናዱ

የደብረ ብርሃን ሜዳ ነፋስ አቧራ ይዞ ነው የሚመጣው። የተከፈተ ቴስታታ ላይ የገባ አሸዋ ከአዲሱ ካም ጋር አብሮ ይፈጫል። ቤት ውስጥ ግቡ፤ ቤት ከሌለ በሸራ ጋርዱ። ፍቱና ስትሄዱ ሁሌ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ። ክር የሚተው አሮጌ ሹራብ አይሁን።

ከተለመደው ቁልፍና ቡሶላ ሌላ ቶርክ ሬንች፣ ፊለር ጌጅ፣ ማይክሮሜትር ወይም ጥሩ ካሊፐር፣ ነጭ ቀለም ያስፈልጋችኋል። ቶርክ ሬንች ከሌላችሁ ተከራዩ ወይም ተዋሱ። የካሙን ካፕ በእጅ ግምት አጥብቆ የሰበረ ሰው አውቃለሁ፤ ካፑ ደግሞ ከቴስታታው ጋር አንድ ላይ ስለተቦረቦረ ብቻውን አይገዛም።

አንድ ካርቶን ላይ ስምንት ቀዳዳ አውጡ፤ «1 መግቢያ»፣ «1 መውጫ» እያላችሁ እስከ 4 ጻፉባቸው። እያንዳንዱ ኩባያ (ቫልቩ አናት ላይ ተደፍቶ ሺሙን የሚይዘው) ከነሺሙ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

5. መፍታት

ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን።

1. የባትሪውን ኔጋቲቭ ሞርሴቶ ፍቱ። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ሞተሩን በሞተሪኖ ማዞር ክልክል ነው። የሚዞረው በክራንክ (ፒስተኖቹ የተያያዙበት የታችኛው ዘንግ) ፑሊ ብሎን፣ በእጅ፣ ከፊት ስታዩት በሰዓት አቅጣጫ ብቻ ነው።

2. የዲናሞና የሌሎቹን ቺንጋዎች፣ የአየር ቱቦውን፣ የቴስታታ ክዳኑን አውጡ።

3. አንደኛውን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ላይ አምጡ፦ ፒስተኑ ላይ ደርሶ የአንደኛው ሁለቱም ጉብታዎች ቫልቭ ሳይጫኑ ሲቀሩ ማለት ነው። የክራንኩ ምልክት ቢገጥምም አራተኛው ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ጉብታውን ማየት ነው የሚለየው።

4. ክራንክ ፑሊውንና የታይሚንግ ክዳኑን ፍቱ። አሁን በነጭ ቀለም በካም ፑሊ፣ በናፍጣ ፖምፓው ፑሊና በክራንክ ጥርሱ ላይ፣ እያንዳንዱን ትይዩ ካለው የማይንቀሳቀስ አካል ጋር ምልክት አድርጉ። ፋብሪካው ያደረገው ምልክት ቢኖርም የራሳችሁን ጨምሩ። በምልክቶቹ መካከል ያለውን የቺንጋ ጥርስ ቁጠሩና ወረቀት ላይ ጻፉ፤ በስልክም ፎቶ አንሱ።

5. መወጠሪያውን አላሉና ቺንጋውን አውጡ። ተጠንቀቁ፦ የፖምፓው ፑሊ ቺንጋ ሲለቀው በውስጡ ባለው ስፕሪንግ ከምልክቱ ፈንጠር ሊል ይችላል። አትደንግጡ፤ ስትገጥሙ ወደ ምልክቱ መልሳችሁ ትይዙታላችሁ።

6. ክራንኩን ሩብ ዙር ወደ ኋላ መልሱ። በእጅ፣ በሰዓት አቅጣጫ ብቻ ካልኩት ሕግ የሚወጣው ይህ ነው፤ ሌላው በደረጃ 9 ፒስተን ቫልቭ ከነካ ብቻ ነው። አራቱም ፒስተኖች መሐል ላይ ይሆናሉ፤ ካሙ ቢዞር እንኳ ቫልቭ የሚነካው ፒስተን የለም። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ብዙ ቫልቭ ያድናል።

7. የካም ፑሊውን ቀዳዳዎቹን በሚይዝ መሣሪያ ይዛችሁ ብሎኑን ፍቱ። ካቻቢቴ ሰንቅራችሁ አትታገሉ።

8. የካፖቹን ቁጥርና ቀስት እዩ። ቀስቱ ወደ ሞተሩ ፊት ነው የሚያየው። ካልታየ በነጥብ ምልክት አድርጉ።

9. የካፖቹን ብሎኖች ከሁለቱ ጫፍ ወደ መሐል፣ በየተራ፣ በእያንዳንዱ ዙር ሩብ ሩብ ብቻ አላሉ። አንዱን ካፕ ሙሉ ለሙሉ ፈታችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። የተጫነ የቫልቭ ስፕሪንግ ካሙን በአንድ በኩል ሽቅብ እየገፋ፣ በሌላ በኩል ታስሮ ሳለ ካሙ መሐሉ ላይ ይሰበራል። አሮጌ ስለሆነ ግድ የለም አትበሉ፤ ሲሰበር ካፑንም ይዞ ይሄዳል።

10. ካሙን ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። ኩባያዎቹንና ሺሞቹን በማግኔት ወይም በእጅ አውጥታችሁ ካርቶኑ ላይ በየስማቸው አኑሩ።

6. አዲሱ ካም ከመግባቱ በፊት የሚደረግ ፈተና

ይህን ፈተና የሚያደርግ ጋራዥ ጥቂት ነው።

ኩባያዎቹ ሳይገቡ፣ ማረፊያው ተጠርጎ፣ አዲሱን ካም በንጹሕ ዘይት አርሳችሁ አስተኙ። ካፖቹን በየቁጥራቸው መልሱ፣ ከመሐል ወደ ጫፍ በሦስት ዙር እስከ 25 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። አሁን ካሙን በእጃችሁ አዙሩ። በሁለት ጣት እንደ ልብ ከዞረ ማረፊያው ቀጥ ያለ ነው። ከከበደ ወይም አንድ ቦታ ላይ ከያዘ ቁሙ።

ከያዘ እንዲህ ፈልጉ፦ ካፖቹን አንድ በአንድ እያላላችሁ አዙሩ። የመሐሉን ስታላሉ ከለቀቀ ቴስታታው ጎብጧል። ሌላ ካፕ ከሆነ ቁጥሩ ወይም ቀስቱ ተቀይሯል፤ ወይም ከሥሩ ቆሻሻ አለ። የጎበጠ ቴስታታ መድኃኒቱ የካሙን ማረፊያ በመስመር የሚቦረቡር ቶርኖ ቤት ወይም ሌላ ቴስታታ ነው። ካፑን በብርጭቆ ወረቀት እያሻሹ ማስለቀቅ ግን አይሆንም፤ ክፍተቱ ይሰፋና ዘይቱ በዚያ ያመልጣል።

ከዞረ በኋላ የአንገቱን ክፍተት በፕላስቲጌጅ ለኩ። ቀጭኗን ክር አንገቱ ላይ አጋድማችሁ፣ ካፑን አጥብቃችሁ፣ ካሙን ሳታዞሩ ፍቱና ስፋቷን አንብቡ። ከ0.10 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ አዲሱ ካምም ቢሆን ዘይት አይዝም።

7. መግጠም

1. ኩባያዎቹን እዩ። ጎናቸው የተቧጨረውን ቀይሩ። ሺሙ ላይ አሮጌው ጉብታ መንገድ ካወጣ ጣሉት፤ የተበላ ሺም አዲስ ጉብታን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ደህናዎቹን በየቦታቸው መልሱ፤ የሺሙ ቁጥር የተጻፈበት ፊት ወደ ታች ይሁን።

2. ክራንኩ አሁንም ሩብ ዙር ወደ ኋላ እንዳለ አረጋግጡ።

3. አንገቶቹን በዘይት፣ ጉብታዎቹን በሞሊብዲነም ቅባት ወይም ቅባቱ ከጠፋ በንጹሕ የሞተር ዘይት አብዝታችሁ ለቅልቁ። በደረቁ አይገባም።

4. ካሙን የአንደኛው ሲሊንደር ጉብታዎች ቫልቭ ሳይጫኑ አስተኙ። አዲሱን ፓራኦሊዮ ከንፈሩን ዘይት ቀብታችሁ አስገቡ።

5. ካፖቹን ከመሐል ወደ ጫፍ አጥብቁ፦ መጀመሪያ እስኪነካ፣ ቀጥሎ 12፣ መጨረሻ 25 ኒውተን ሜትር። ካሙ ወደ ማረፊያው የሚወርደው ብሎኖቹ እኩል ሲስቡት ነው። አንድ ብሎን ጥርሱን ከጨረሰ «ይያዝ ግድ የለም» ብላችሁ አትለፉ፤ ሄሊኮይል (የተበላውን ጥርስ የሚተካ የሽቦ ጥቅል) አስገቡለት።

6. የካም ፑሊውን ብሎን በ98 ኒውተን ሜትር አጥብቁ።

ሲሊኮን የሚፈለግበት ቦታ ካለ ክር የምታህል ብቻ አድርጉ። የኮፓውን ወንፊት አስታውሱ።

8. የቫልቭ ክፍተት

አዲስ ካም በአሮጌ ሺም «ይገጥማል» ብሎ መዝጋት ሥራውን ገደል መክተት ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ አይዘጋም፤ ይቃጠላል። ከሰፋ ጉብታው ሺሙን ይቀጠቅጠዋል። ቺንጋው ሳይገባ፣ ፒስተኖቹ መሐል ላይ ሳሉ ካሙን በእጅ እያዞራችሁ እያንዳንዱ ጉብታ ጀርባውን ለሺሙ ሲሰጥ ለኩ፤ ስምንቱንም ጻፉ።

የአዲሱ ሺም ውፍረት እንዲህ ይወጣል፦ የአሁኑ ሺም ውፍረት፣ ሲደመር የለካችሁት ክፍተት፣ ሲቀነስ ለመግቢያ 0.25 ወይም ለመውጫ 0.45።

ሦስተኛው መውጫ 0.62 ቢለካና ሺሙ 2.75 ቢሆን፣ 2.75 ሲደመር 0.62 ሲቀነስ 0.45፣ 2.92 ይሆናል። ሺም በ0.05 እየጨመረ ስለሚመጣ 2.90 ግዙ፤ ክፍተቱ 0.47 ይሆናል፤ ጥሩ ነው። ሁለተኛው መግቢያ 0.15 ቢለካና ሺሙ 2.80 ቢሆን ደግሞ 2.70 ትፈልጋላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ካላችሁት ስምንት ሺሞች መካከል ማቀያየር ሞክሩ፤ ሁለት ሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይገኛሉ። የሺሙን ውፍረት ሁልጊዜ በማይክሮሜትር ለኩ፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ሺሙ ሳይበላ በፊት የነበረው ውፍረት ነው።

ኩባያውን የሚጫን ልዩ መሣሪያ ከሌላችሁ ካሙን አንድ ጊዜ መልሳችሁ ማውጣት ግድ ነው። አውጡት፤ በዚያው የፍታትና የማጥበቅ ሥርዓት። የፈለጋችሁት ሺም ከጠፋ ቶርኖ ቤት ወፍራሙን አትሳሉ፤ የጠነከረው ፊት ይነሳል። ከወደቀ ቴስታታ የወጣ፣ ፊቱ ያልተበላ ሺም ይሻላል።

9. ቺንጋ

ካሙን ወደ ቀለም ምልክቱ አምጡ። ከዚያ ክራንኩን ሩቡን ዙር ወደፊት መልሱ። የፖምፓውን ፑሊ ረዳታችሁ ምልክቱ ላይ ይያዝ። ቺንጋውን መወጠሪያ በሌለበት በኩል ሳይላላ አስገቡ፤ ትርፉ ወደ መወጠሪያው ይሰብሰብ። መወጠሪያውን ልቀቁት፣ በስፕሪንጉ ይወጥር።

አሁን ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር በሰዓት አቅጣጫ አዙሩ። ሦስቱም ምልክት ከገጠመ የመወጠሪያውን ብሎኖች አጥብቁ። ጠጣር ነገር ነክቶ ከቆመ ቁልፉን አታስረዝሙ፣ አትጫኑ። ፒስተንና ቫልቭ ተነካክተዋል፤ ወደ ኋላ መልሱ፣ ቺንጋውን አውጡ፣ ጥርሱን እንደገና ቁጠሩ። በእጅ የነካ ቫልቭ ይድናል፤ በሞተሪኖ የተመታ አይድንም።

እግረ መንገዳችሁን ክፍተቱን እንደገና ለኩ። አንደኛው ኮምፕሬሽን ላይ ሲሆን የ1 እና የ2 መግቢያ፣ የ1 እና የ3 መውጫ ይለካሉ፤ ክራንኩን አንድ ሙሉ ዙር አዙራችሁ የቀሩትን አራት።

10. የመጀመሪያ ማስነሳት

አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ይግባ። ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ጉብታዎቹ ላይ ዘይት አፍስሱ። ራዲያተሩን ሙሉ።

ፖምፓው ላይ ያለውን ናፍጣ የሚዘጋውን ሽቦ ንቀሉ፤ ሞተሩ ሳይነሳ ይዞራል። በሞተሪኖ አሥር ሰከንድ አዙሩ፣ አሳርፉ፣ ድገሙ፤ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ። ከስድስት ሰባት ሙከራ በኋላ ካልጠፋ አታስነሱ፤ ፊልትሮውንና ወንፊቱን እዩ።

ሽቦውን መልሱ፣ ካንዴሌታውን አሙቁ፣ አስነሱ። ወዲያው ወደ 1500 እና 2000 ዙር መካከል አድርሱትና ለሩብ ሰዓት ያህል እዚያው ያዙት፤ ዘይቱ በኃይል ወደ አዲሶቹ ጉብታዎች ይሂድ። በሚኒሞ አትተዉት። ረዳታችሁ ፓራኦሊዮውንና ክዳኑን ከፊት ይይ፤ የሙቀት ጌጁን እናንተ።

እንዲህ ካጋጠማችሁ

*ነጭ ጭስ፣ አልነሳ ማለት።* ፖምፓው አንድ ጥርስ ስቷል። አጥፉ፣ ምልክቱን እዩ።

*ከብረት ብረት የሚመታ ድምፅ።* ወዲያውኑ አጥፉ። «ይለቀው ይሆናል» ብላችሁ አንድ ደቂቃ አትጠብቁ።

*ለስለስ ያለ፣ እኩል የሚመጣ ቀጭታ።* አንድ ክፍተት ሰፍቷል። አሳድራችሁ በጠዋት ለኩ።

*ከካም ፑሊ ጀርባ ዘይት።* የፓራኦሊዮው ከንፈር ተገልብጧል። ቺንጋው ዘይት ከነካው ቺንጋውም ይቀየር፤ ዘይት የጠጣ ቺንጋ ዕድሜ የለውም።

*ሲሞቅ የዘይት መብራት በሚኒሞ ብልጭ።* ካሙ ሳይሆን የታችኛው ክፍል ነው። ጌጁን እሰሩና በደረጃ 2 ያለውን ንባብ እንደገና ያዙ።

11. የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ከጋራዥ ሲወጣ ባዶውን፣ በሜዳው በኩል ወደ ጫጫ ወስዳችሁ መልሱት። ጣርማበርን ተሻግሮ ወደ ሮቢት መውረድ፣ ከዚያም ጭኖ መውጣት፣ ወይም ወደ ዓለም ከተማ የጀማን ገደል መግባት ቢያንስ ከ500 ኪሎሜትር በኋላ ይሁን። በ500 ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ፤ አሮጌውን ፊልትሮ ቀድዳችሁ ውስጡን በማግኔት ፈትሹ። ጥቂት ጥቁር ብናኝ ከአዲስ ዕቃ ይጠበቃል። በጣት የሚያዝ የብረት ቅርፊት ካገኛችሁ ግን ክዳኑን ክፈቱ።

ጠዋት ጠዋት መብራቱ ጠፍቶ አንድ ደቂቃ ያህል ሳይሞላ እግር ከነዳጁ ይራቅ። ለሾፌሩም ለረዳቱም ንገሩ፤ ሌሊት መኪናውን የሚያስነሳው አብዛኛውን ጊዜ ረዳቱ ነው።

በ1000 ኪሎሜትር፣ መኪናው አድሮ ቀዝቅዞ ሳለ፣ የስምንቱን ቫልቭ ክፍተት ደግማችሁ ለኩና መጀመሪያ ከጻፋችሁት አጠገብ ጻፉ። ያልተለወጠ ከሆነ ክዳኑን ዝጉና መኪናውን ወደ ሥራው መልሱ። አንዱ ብቻ 0.10 ያህል ከሰፋ ያ ጉብታ መበላት ጀምሯል፤ ሺም ከመጨመራችሁ በፊት ወደዚያ አንገት የሚሄደውን የዘይት ቀዳዳ ክፈቱ። ቺንጋው የገባበትን ኪሎሜትርና ቀን ኮፈኑ ሥር በቀለም ጻፉት፤ 100000 ኪሎሜትር ሳይሞላው ይቀየራል።